አባባ መንዳት የሚያቆሙበት ጊዜ ሲደርስ

ለቤተሰብ የቀረበ ትምህርት



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን ደፍሮ የሚናገረው የሌለ ጉዳይ ነው። አባት ወይም አጎት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ልጆች እርስ በርስ «አሁንስ መንዳት ያለባቸው አይመስለኝም» ይባባላሉ። እሳቸው ፊት ግን ሁሉም ዝም። እናትም «ተዉአቸው፣ ልባቸው ይሰበራል» ትላለች። እንዲህ እየተባለ ወር ይሄዳል፣ ዓመት ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ብዙዎቻችን እሳቱ እስኪነሳ እንጠብቃለን።

የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ አጭር ነው፦ ከቁልፉ አትጀምሩ፤ አባታችሁ በመኪናው ከሚሄዱባቸው ቦታዎች ጀምሩ። ወደ ቦታዎቹ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ያገኘ ሰው ቁልፉን መልቀቅ ይቀለዋል። መንገድ ሳይሰጠው ቁልፉን የተነጠቀ ሰው ግን ወይ ይታገላል፣ ወይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይደክማል። እናቶችም የሚነዱ አሉ፤ እዚህ «አባት» እያልን የምንጽፈው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል።

ቁልፉ ለምን ይከብዳል?

ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ሌሎች ደግሞ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ገቡ። ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል፤ ሰማንያውን የያዘም አለ። እነዚህ ሰዎች በአገር ቤት በእግርና በበቅሎ የሚጓዙ ነበሩ። እዚህ መጥተው አዲስ ፊደል ተማሩ፤ ከሥራ ሲመለሱ የትራፊክ ሕጉን አጠኑ፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለአስተማሪ ከፈሉ፤ ተፈትነው ሪሽዮን አወጡ። ከዚያ በኋላ የታመመ ያደረሱት፣ ሙሽራ ያጀቡት፣ ከኪርያት ማላኪ እስከ ነታንያ ለቅሶ የደረሱት በዚያች መኪና ነው።

ሌላም ነገር አለ። አባታችን ቢሮ ሲገቡ ልጅ ያስተረጉምላቸዋል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ልጅ ያስተረጉምላቸዋል። መሪው ላይ ሲቀመጡ ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። መብራቱ ቀይ ሲሆን ይቆማሉ፣ አረንጓዴ ሲሆን ይሄዳሉ፤ እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው። ስለዚህ ልጅ «ቁልፉን ይስጡኝ» ሲል አባት የሚሰማቸው ሌላ ቃል ነው፦ «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አይደሉም»። ቁጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ግትርነት ብቻ አድርገን ካየነው እንሳሳታለን።

ወላጅን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው። ማክበር ግን ዝም ማለት አይደለም። አባት የጎረቤት ልጅ ገጭተው ቀሪ ዘመናቸውን በጸጸት እንዲኖሩ መተው አክብሮት ሊባል አይችልም። አክብሮቱ በምንናገርበት መንገድ ይታያል፤ መናገሩ ግን አይቀርም።

ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም

የሰማንያ ዓመት ሆነው በደንብ የሚነዱ አሉ፤ ሰባ ሳይሞላቸው ማቆም ያለባቸውም አሉ። ስለዚህ «አርጅተዋል» ብላችሁ አትነሱ። አነዳዳቸውን እዩ። ከሁሉ የሚሻለው አብሮ መሄድ ነው። በሁለት የተለያዩ ቀናት ከጎናቸው ተቀምጣችሁ አንድ የተለመደ መንገድና አንድ ያልተለመደ መንገድ አብራችሁ ሂዱ። አታርሙ፣ አትጩኹ፤ ብቻ ተመልከቱ። ቤት ስትገቡ ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ። የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

• በሚያውቁት ሰፈር ውስጥ መንገድ ይጠፋባቸዋል፤ ወይም ለሃያ ደቂቃ መንገድ ሰዓት ፈጅተው ይመለሳሉ፣ የት እንደነበሩም በደንብ አይናገሩም።

• ፍሬንና ቤንዚን መስጫውን ያምታታሉ።

• መስመራቸውን ይለቃሉ፤ ወደ ጎን ሲታጠፉ አንገታቸው ስለማይዞር ሳያዩ ይገባሉ።

• «ቁም» የሚለውን ምልክት ወይም የእግረኛ ማቋረጫውን የሚያዩት ከደረሱ በኋላ ነው።

• ሌሎች መኪኖች ደጋግመው ጥሩምባ ይነፉባቸዋል።

• መኪናው ላይ አዲስ ጭረትና ጥርመሳ ይታያል፤ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

• ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ያጭበረብራቸዋል። በክረምት፣ በታኅሣሥ ወር፣ እዚህ አገር ከአምስት ሰዓት በፊት ጀንበር ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚደረገው ጉዞ ሁሉ የማታ ጉዞ ይሆናል።

አንድ ጭረት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ወጣቱም ይጭራል። ተደጋግሞ ከታየ ግን፣ ወይም ሁለት ሦስቱ አብረው ከመጡ፣ መነጋገሪያው ጊዜ ደርሷል። ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የአምስት ዓመት ልጄን ለብቻው እሳቸው መኪና ውስጥ አስቀምጬ ሃይፋ ድረስ እልካለሁ?» መልሳችሁ «አልልክም» ከሆነ፣ የሰው ልጅ በሚሄድበት መንገድ ላይም መንዳት የለባቸውም ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ያስፈራል? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ይህ ሦስት መኪና ተከታትሎ የሚቆምበት ርዝመት ነው። ኳስ ተከትሎ መንገድ የገባ ሕፃን ለማየትና ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሰከንድ ብቻ መዘግየት ይህን ያህል ርቀት ያስከፍላል።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ

አንዳንዱ ችግር ይታከማል። ስለዚህ «ያቁሙ» ከማለታችን በፊት «ይታዩ» እንበል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው እንደገና ጥርት አድርጎ ያያል። መነጽሩ ከአሥር ዓመት በፊት የተለካ ሊሆን ይችላል። የዓይን ግፊት ግን ሌላ ነው፤ የጎንና የጎኑን እይታ ቀስ እያለ ይበላል፣ ሰውየውም አይታወቀውም፤ የጠፋውም አይመለስም።

ስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን ውስጥ በጣም ተስፋፍቷል። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይበላ ቢነዳ ስኳሩ ወርዶ ግራ ሊገባውና ራሱን ሊስት ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን ማታ ተውጦ ጠዋትም ሊያደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የመድኃኒቶቹን ሳጥኖች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ካለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደውንም ጭምር።

የጻፋችሁትን ወረቀትም ለኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪሙ ስጡ። «አባቴ ደህና አይነዱም» ከማለት «በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ከሱፐር ወደ ቤት መንገዱ ጠፋባቸው» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለን። የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አያቱን «ሐኪሙ ከእንግዲህ እንዳትነዱ ይላል» ብሎ እንዲናገር ማድረግ ለሁለቱም ውርደት ነው። ከቀጠሮው በፊት ለክሊኒኩ ደውላችሁ አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ወይም ሜጋሼር እንደሚያስፈልግ ንገሩ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሰባ ዓመት የሞላው ሰው መንጃ ፈቃዱን ለማደስ የሐኪም ምርመራና የዓይን ምርመራ ማቅረብ አለበት። ብዙ ቤተሰብ «ሚስራድ ሃሪሹይ ራሱ ደብዳቤ ይልክ የለ፤ ያኔ ይታያል» ብሎ ይጠብቃል። ግን እናስብ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ወደ አገሩ ሲገቡ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም፤ ዕድሜያቸው በግምት ተጻፈ። በመታወቂያ ስልሳ ስምንት የሆኑ አባት በእውነተኛ ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ሊሆኑ ይችላሉ። መንግሥት የሚያውቀው ወረቀቱን ነው፤ አባታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ደብዳቤውን አትጠብቁ።

በትራፊክ ሕጉ መሠረት ሐኪም የሚያክመው ሰው በበሽታው ምክንያት ሲነዳ ራሱንም ሆነ ሌላውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል ብሎ ካመነ ለባለ ሥልጣኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጉዳዩን የሚመረምረው ማርባድ የሚባለው የመንገድ ደኅንነት የሕክምና ተቋም ነው። ማርባድ ሰውየውን ለምርመራ ሊጠራ፣ ተጨማሪ የሐኪም ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። በመጨረሻ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሐሳቡን ያቀርባል፦ ይንዱ፣ በገደብ ይንዱ፣ ወይም አይንዱ። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ ይህ ቅጣት አይደለም፤ ሰውየውም እንደ ወንጀለኛ አይታይም። ከማርባድ የሚመጣ ደብዳቤ ቀን ስለሚጠቅስ ግን ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር። የዕብራይስጡ ደብዳቤ ከከበዳችሁ ወደ ሰፈሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይዛችሁት ኑ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፦ ፈቃዱ ተሰርዞበት እያለ የሚነዳ ሰው አደጋ ቢደርስበት፣ በ1975 በወጣው የትራፊክ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ መሠረት ለራሱ ጉዳት ካሳ የማግኘት መብቱን ያጣል። «ለቅርብ ቦታ ብቻ ነው» ማለት አያድንም።

ማን ይናገር? መቼ? እንዴት?

ማን? ሰባት ልጆች ተሰብስበው አንድ ሽማግሌ ላይ መናገር ምክር ሳይሆን ፍርድ ቤት ይመስላል። አንድ ሰው ይመረጥ። ያ ሰው የግድ የበኩር ልጅ ወይም ብዙ የተማረው መሆን የለበትም። አባት የሚሰሟቸው ሰው ይሁኑ፦ ታላቅ ወንድም፣ የድሮ ጎረቤት፣ የሚያከብሯቸው ቄስ ወይም ሽማግሌ፣ ወይም ራሳቸው መንዳት ያቆሙ ጓደኛ። «እኔም ባለፈው ዓመት ተውኩት፤ አልሞትኩም» የሚል እኩያ ቃል ከልጆች አሥር ምክር ይበልጣል።

መቼ? በመኪናው ውስጥ አይሁን። ሊወጡ ቁልፍ ሲያነሱ አይሁን። የልጅ ልጆች ባሉበት አይሁን። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ሲጣደፍ አይሁን። ተረጋግተው ሲቀመጡ፣ ቡና ሲፈላ ይሁን።

እንዴት? በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕብራይስጥ «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ አይለይም። እዚህ ያደገ ልጅ ከልቡ አክብሮ ቢናገርም፣ በዕብራይስጥ ሲሆን ለአባት ጆሮ ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል። አማርኛው የሚቸግረው ልጅ ካለ የሚላቸውን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አስቀድሞ ከእናቱ ጋር ይለማመድ።

እንዲህ ከማለት፦
«አባባ፣ ከእንግዲህ አይችሉም። ሰው ሊገድሉ ነው። ቁልፉን ያምጡ።»

እንዲህ ማለት ይሻላል፦
«አባባ፣ እርስዎ ሁላችንንም በዚህች መኪና አሳድገውናል። አንድም ቀን አደጋ አላደረሱም። ይህ ስምዎ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር እንፈልጋለን። ባለፈው ማክሰኞ አብሬዎት ስሄድ ግን እግረኛው መንገድ ሲገባ አላዩትም። ደነገጥኩ። እርስዎስ ምን ይሰማዎታል?»

ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። መልሱን ጠብቁ። ብዙ ጊዜ አባት ራሳቸው ያውቁታል፤ ማታ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል፣ ለማንም አልነገሩም። «ዓይኔ ደከመኝ» የሚል ቃል ከእሳቸው አፍ ከወጣ ግማሹ መንገድ አልቋል። ካልወጣም አትግፉ። አንድ ቀን ላይ አያልቅም፤ በሳምንቱ እንደገና ይነሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከተቆጡ ደግሞ አትከራከሩ። «መኪናዬን በገንዘቤ ነው የገዛሁት» ካሉ፣ «እውነት ነው አባባ፣ የእርስዎ ነው» በሉ። ክርክሩ የማን መኪና ነው የሚል አይደለም።

ቦታዎቹን አንድ በአንድ መተካት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ መጣን። አንድ ወረቀት ውሰዱና ከአባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የአንድ ሳምንት ጉዟቸውን ጻፉ። እሑድ የት? ሰኞ የት? ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ያለ መኪና እንዴት እንደሚደረስ ጻፉ። ለምሳሌ እንበልና፦

ኩፓት ሆሊም፦ ቢቱዋህ ለኡሚ የሲዑድ ድጎማ የሚሰጣቸው ከሆነ፣ ሜታፔሌቷ ወደ ሐኪም አብራ መሄድ ትችላለች። ለድጎማው ጥያቄ ያላቀረበ ካለ፣ ይህ ጥሩ ምክንያት ነው።

ገበያና ሱፐር፦ ሐሙስ ከአንድ ልጅ ጋር። አባት ራሳቸው ይምረጡ፣ ራሳቸው ይክፈሉ። ዕቃ ተገዝቶ ቤት ቢመጣላቸው አንድ አይደለም።

የአረጋውያን ሞዓዶንና የቀን ማዕከል፦ የቀን ማዕከሎች ተሳታፊዎችን በራሳቸው መኪና ከቤት ወስደው ይመልሳሉ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ «በምን ልሂድ?» ብሎ ይቀራል።

በከተማ ውስጥና ወደ ሌላ ከተማ፦ አረጋዊ ሰው በራቭ ካቭ በሕዝብ መጓጓዣ እንደ ዕድሜው በነጻ ወይም በቅናሽ ይሄዳል።  ካርዱ ላይ የአረጋዊ መብቱ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ሙሉ ሒሳብ ሊቆረጥ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጉዞዎች አብራችኋቸው ሂዱ፤ የት እንደሚሳፈሩ፣ የት እንደሚወርዱ፣ ሲመለሱ በየትኛው በኩል እንደሚቆሙ አሳዩአቸው። አውቶቡስ ያልለመደ ሽማግሌ ብቻውን ወጥቶ አንድ ጊዜ ከጠፋ ሁለተኛ አይሞክርም።

ለቅሶና ሰርግ፦ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። አባት ሐኪም ቢቀር ሊታገሡ ይችላሉ፤ ለቅሶ መቅረት ግን አይሆንላቸውም። ለሩቅ ለቅሶ አውቶቡስ ሲከራይ አስቀድሞ ቦታ እንዲያዝላቸው ከልጆች አንዱ ኃላፊነት ይውሰድ። አውቶቡስ ከሌለ ማን እንደሚወስዳቸው አሁኑኑ ይወሰን። በመኪና ስትወስዷቸውም የፊት ወንበር የእሳቸው ነው።

የልጅ ልጆችን ከጋን ማምጣት፦ እግር ካልከለከለ በእግር ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ ከእጃቸው ሙሉ በሙሉ አታውጡ።

ወጪውንም አብራችሁ ጻፉ፦ ቢቱዋህ፣ ቴስት፣ ቤንዚን፣ ጋራዥ። የዓመቱን ደምሩና ለአሥራ ሁለት ወር አካፍሉ። በዚያ ገንዘብ በወር ስንት ጊዜ በታክሲ መሄድ እንደሚቻል አባታችሁ ራሳቸው ያስሉት። ይህን ገንዘብ ለብቻ ያስቀምጡት፤ ታክሲ ሲጠሩ የልጅ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም።

ሰንበት የሚጠብቅ አባት ደግሞ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ቁልፉን አይነካም። በእግሩ ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ ማንም «ክብሩ ተነካ» አይልም። ያለ መኪና መዋልን አባቶቻችን ከማናችንም በላይ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ቃል መጠበቅ ነው። ልጆች በስብሰባ ላይ «እኔ እወስዳቸዋለሁ፣ እኔ አለሁ» ይላሉ። ሐሙስ ሲደርስ አንዱ ሥራ ይበዛበታል፣ ሌላው ስልክ አያነሳም። አባት አንድ ሰዓት በር ላይ ይቆሙና ቁልፉን ያነሳሉ። ጥፋቱ የማን ነው? አባት የሚተማመኑት በንግግራችሁ ሳይሆን፣ ሐሙስ በሰዓታችሁ በመምጣታችሁ ነው። ስለዚህ የማን ቀን እንደሆነ በስም ተጽፎ ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። የማይችል ሰው አይግባ፤ የገባ አይቅር።

ቀስ በቀስ መቼ? በአንድ ጊዜስ መቼ?

ችግሩ ቀላል ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ ደረጃ በደረጃ መሄድ ይቻላል፦ መጀመሪያ ማታና ዝናብ ሲሆን አለመንዳት፣ ቀጥሎ ከከተማ ውጭ አለመንዳት፣ ከዚያ ሕፃናት አለመጫን፣ በመጨረሻም መተው። ቀኑ ግን በግልጽ ይቆረጥ።

የመርሳት በሽታ ሲኖር፣ ራስ የመሳት ነገር ሲታይ፣ ወይም ፍሬኑ ሲምታታ ግን ቀስ በቀስ የሚባል የለም። መቆም ያለበት ዛሬ ነው። በመርሳት በሽታ የተያዘ ሰው ትናንት የተስማማውን ዛሬ አያስታውስም፤ ደጋግሞ ማስረዳት እሱንም እናንተንም ያደክማል። እንዲህ ሲሆን ቁልፉን ከዓይን ማራቅ፣ መኪናውን ወደ ሌላ ልጅ ቤት መውሰድ ተገቢ ነው። አእምሮው ደህና የሆነን ሰው ግን «መኪናው ጋራዥ ነው» ብሎ ማታለል አይገባም። ሲያውቁ ከመንዳቱ በላይ የሚጎዳቸው መታለሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒትም ስለ ገንዘብም የምትሏቸውን አያምኑም።

አባት በማይችሉበት ሁኔታ መኪና ይዘው ከወጡና የት እንዳሉ ካላወቃችሁ፣ ወደ ፖሊስ 100 ደውሉ። አታፍሩ። ለመፈለግ እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

ካቆሙ በኋላ

ቁልፉ ሲሰጥ እንደ ዋዛ አይለፍ። መኪናው ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ ቤተሰቡ ይሰብሰብ፣ ቡና ይፈላ፣ አባት በእጃቸው ሰጥተው ይመርቁ። የተቀበለውም ልጅ «በዚህች መኪና መጀመሪያ የማደርሰው እርስዎን ነው» ይበል። አባት ቁልፉን በገዛ እጃቸው ሰጡ እንጂ ተነጠቁ እንዳይባል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ከባድ ናቸው። ከቤት መውጣት ካቆሙ፣ ምግብ ከቀነሱ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ስልክ ማንሳት ከተዉ፣ «ሐዘኑ ይለፍላቸው» ብላችሁ አትተዉ። ለቤተሰብ ሐኪሙና ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ንገሩ። እንዲህ ያለው መታከም ይችላል።

በቤተሰብ ለመወያየት

1. አባታችን በመኪናቸው ከሚሄዱባቸው ቦታዎች ለእሳቸው ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? እሳቸውን ጠይቀናል ወይስ ገምተን ነው?

2. ከእኛ መካከል አብሯቸው የተጓዘና አነዳዳቸውን በዓይኑ ያየ ማን ነው? መቼ?

3. አባታችን የሚሰሟቸው ሰው ማን ናቸው? ማን ሄዶ ያነጋግራቸው?

4. ከሳምንቱ ቀናት እኔ በእርግጥ የምችለው የትኛውን ነው?

5. እናታችንስ? አባት መንዳት ሲያቆሙ እሷም ገበያና ሐኪም የምትደርስበት መንገድ ይቋረጥ ይሆን?

የሳምንቱ የቤት ሥራ፦ የአባታችሁን የሳምንት ጉዞ በአንድ ወረቀት ጻፉና ከቦታዎቹ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ በዚህ ሳምንት ያለ መኪና አብራችኋቸው ድረሱ። ያኛው ከተሳካ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ጨምሩ። እርዳታ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በሰፈራችሁ ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ኑ፤ ወይም ወደ ከተማው ሞኬድ 106 ደውላችሁ ከአማርኛ ተናጋሪ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር መነጋገር እንደምትፈልጉ ንገሩ። ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ከእሱ እንጀምራለን።